ቦሌ ለፓይለቱ መሰላል ሠራ፤ ለዳታ ባለሙያውስ?

በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎች ላይ አንድ ረጅም ስም መደጋገም ከጀመረ ሰነባብቷል፤ «የቢዝነስ ኢንተለጀንስ ዴቨሎፐር»። ባንኩ ይፈልገዋል፣ ቴሌኮሙ ይፈልገዋል፣ አየር መንገዱ ይፈልገዋል። ሥራው ግን ብዙ ጊዜ ከስሙ ያጠረ ነው። ወጣቱ በትልቅ ስም ይቀጠርና «እስኪ ያንን ሪፖርት ቶሎ ላክልኝ» የሚል አለቃ ሲያስተናግድ ይውላል። ከአምስት ዓመት በኋላም እዚያው ወንበር ላይ ነው። ወይ ማናጀር ይሆናል፣ ወይ ይለቃል።

ብዙዎቻችን የዚህን ችግር ስም «ደመወዝ» ብለን ደምድመናል። እኛ ግን ከደመወዙ በፊት የጎደለ ነገር አለ እንላለን፤ መሰላል። ይህን ለማየት ካሊፎርኒያ መሄድ አያስፈልግም። የቦሌ ታሪክ ራሱ ይበቃል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ሥራውን የያዘው ቲ.ደብሊው.ኤ. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። አብራሪው የውጭ ሰው፣ ሥራ አስኪያጁም የውጭ ሰው። በዚያ ዘመን «ፓይለት እሆናለሁ» ያለ የአዲስ አበባ ልጅ ዛሬ «ዳታ ሳይንቲስት እሆናለሁ» ከሚለው በላይ ያስቅ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1957 ግን ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር መንገዱ ካፒቴን ሆኑ። በ1955 ዓ.ም. የቦይንግ ጄቶች መጡ፤ የልደታው ማረፊያ ስለማይበቃቸውም ቦሌ የአውሮፕላን ሠፈር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኀኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ።

ይህ ሁሉ የሆነው በደመወዝ ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ሙያው ደረጃ በደረጃ ተከፋፈለ። ሠልጣኙ ከሱ በላይ ማን እንዳለ፣ እዚያ ለመድረስ ስንት ሰዓት መብረርና ምን ፈተና ማለፍ እንዳለበት ያውቃል። ካፒቴን ለመሆን የቢሮ ኃላፊ መሆን አይጠበቅበትም። ፓይለቱም ሆነ ቴክኒሻኑ እዚያው ሙያው ውስጥ ያድጋል።

አሁን ወደ ዳታው እንምጣ። ቢዝነስ ኢንተለጀንስ የሚለው አነጋገር እንደሚመስለን አዲስ አይደለም። የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪ የነበረው ሃንስ ፒተር ሉን እ.ኤ.አ. በ1958 በዚሁ ስም ጽሑፍ አሳትሟል፤ ማለትም ካፒቴን ዓለማየሁ ካፒቴን በሆኑ በዓመቱ። ሁለቱ ሙያዎች በዕድሜ ያን ያህል አይራራቁም ማለት ነው።

ቦሌም ከነገሩ ሩቅ አልነበረችም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ የማስተርስ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአየር መንገዱ ዳታ ላይ ሠርተዋል። የሼባ ማይልስ ደንበኞችን እንደ ጉዞ ልማዳቸው በቡድን በቡድን መክፈል፣ ብዙ የሚያስገኘው ደንበኛ የትኛው እንደሆነ መለየት ነበር ጥያቄያቸው። ያኔ ስሙ ዳታ ማይኒንግ ይባል ነበር። ከዚያ በፊት በየመሥሪያ ቤቱ ኢ.ዲ.ፒ. የሚባል ክፍል ነበረ፤ በኋላ ኤም.አይ.ኤስ. መጣ፤ ዛሬ ቢ.አይ. ሆነ። ስሙ በየአሥር ዓመቱ ይቀየራል፤ ከስሙ ሥር ግን መሰላል አልቆመም።

ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው? ከልዩ ልዩ ሲስተሞች ዳታ መሳብ፣ ማጽዳት፣ ለጥያቄ በሚመች መልክ ማደራጀት፣ በመጨረሻም ለወሳኙ ሰው በሚገባ መልኩ ማሳየት ነው። ፓወር ቢ.አይ. ወይም ታብሎ የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው። ድካሙ ከሥር ነው፤ ኤስ.ኪው.ኤል. ላይና ዳታውን በማደራጀቱ ላይ።

እዚህ አገር ደግሞ ተጨማሪ ሙያ ይጠይቃል። መሣሪያዎቹ 13 ወር አያውቁም። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሶፍትዌሩ ታኅሣሥ ላይ ያበቃለት ይመስለዋል። ስለዚህ የቀን ሠንጠረዡን ባለሙያው ራሱ መሥራት አለበት። የቤተሰብ ስም የለንም፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። ፀጋዬ በፀሐዩ «ፀ» እና በጸሎቱ «ጸ» ሲጻፍ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ያደርገዋል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍማ አራትም አምስትም ይሆናል። አንድ ባንክ ስንት ደንበኛ እንዳለው በትክክል ማወቅ የሚችለው ይህን የሚፈታ ሰው ሲኖረው ነው። ይህን ከውጭ ማንም አያመጣልንም። «ሪፖርት አውጪ» ብለን የምንንቀው ልጅ የያዘው ዕውቀት ይህ ነው።

ደመወዙንም አንሸሽ። በሐምሌ 2017 ሥራ ላይ በዋለው የገቢ ግብር ማሻሻያ መሠረት ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ለምሳሌ 40,000 ብር የሚከፈለው ሰው 11,950 ብር ግብር፣ 2,800 ብር የጡረታ መዋጮ ከፍሎ 25,250 ብር ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ገርጂ ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት በዶላር የሚሠራው ልጅ ገቢው በብር ሲቆጠር እጥፍ ሊሆን ተቃረበ፤ ጎረቤቱ ያለው ባለደመወዝ ግን የኑሮ ውድነቱን ብቻ ተቀበለ። ኩባንያዎቻችን በዚህ ውድድር በገንዘብ ብቻ አያሸንፉም።

«ፓይለቶችስ ለባሕረ ሰላጤ አገሮች አየር መንገዶች አልሄዱም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ሄደዋል። ሲሄዱ ግን መሰላሉ ቀርቷል፤ ከሥር ያለው ይወጣበታል። የዳታ ባለሙያው ሲለቅ ግን ዕውቀቱም አብሮት ይለቃል። ተተኪው የማን ጽሑፍ እንደሆነ የማይታወቅ የኤስ.ኪው.ኤል. ኮድ ሲፈታ ዓመቱ ያልቃል።

መሰላሉ ምን እንደሚመስል ለመናገር ጥናት አያሻም። ጀማሪው ሪፖርት ይሠራል፤ ቀጥሎ ያለው የዳታውን አደረጃጀት ይነድፋል፤ ከሱ በላይ ያለው የድርጅቱ «ደንበኛ» ወይም «ትርፍ» የሚለው ቃል በሁሉም ክፍል አንድ ትርጉም እንዲኖረው ያደርጋል። ከፍተኛው ባለሙያ የማናጀር ደመወዝ ሊያገኝ ይገባል፤ ማናጀር ሳይሆን። በየደረጃው ጀማሪን ማሠልጠን የሥራው አካል ይሁን።

እናንተ ከቦሌ እስከ ጎሮ አይ.ሲ.ቲ. ፓርክ ማመልከቻ ይዛችሁ የምትዞሩ ወዳጆቻችን፣ በሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ ላይ «ስንት ትከፍላላችሁ?» ብላችሁ ስትጨርሱ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «ከዚህ ወንበር ቀጥሎ ያለው የትኛው ነው? እዚያ ለመድረስስ ምን ማወቅ አለብኝ?» መልሱ ዝምታ ከሆነ የምትቀጠሩበትን ሥራ አውቃችሁታል።