ኮራል የሚመገበው ብርሃን፦ የቤት ውስጥ ሪፍ መብራት ታሪክ

የባሕር ፍጥረታትን በመስታወት ገንዳ የመንከባከብ ልማድ ከ170 ዓመታት በላይ ያስቆጠረ ቢሆንም፣ ከሞቃታማ ባሕሮች የሚመጡ ኮራሎች በመኖሪያ ቤት ውስጥ በአስተማማኝ ሁኔታ መኖርና ማደግ የቻሉት ካለፈው ክፍለ ዘመን የመጨረሻ ሩብ ወዲህ ነው። ለመዘግየቱ የውሃው ጨዋማነት፣ ሙቀትና ንጽሕና የየራሳቸው ድርሻ ያላቸው ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ሳይስተዋል የቆየው ምክንያት ግን የብርሃን እጦት ነበር። ዛሬ ለሪፍ አኳሪየም የኤል ኢ ዲ መብራት የሚመርጥ ሰው የሚቀርቡለት የኃይል፣ የቀለምና የሰዓት አማራጮች ሁሉ ከዚህ ረጅም የመማር ጉዞ የተወረሱ በመሆናቸው፣ ምርጫውን በሚገባ ለመረዳት ታሪኩን ከመነሻው መከተል ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም ተክል ቢመስልም እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉት፣ አፋቸው በቀጫጭን ክንዶች የተከበበ ለስላሳ ጥቃቅን አካላት በማኅበር እየኖሩ ከባሕር ውሃ በሚወስዷቸው ንጥረ ነገሮች ጠንካራ የካልሲየም ካርቦኔት አጽም ይሠራሉ፤ ይህ አጽም በትውልድ ላይ ትውልድ እየተደራረበ ሪፍ የተባለውን የባሕር ውስጥ ዐለት ያስገኛል። በሞቃታማ ባሕሮች ሪፍ የሚገነቡት ኮራሎች በሰውነታቸው ውስጥ ነጠላ ሕዋስ ያላቸው አልጌዎችን ያኖራሉ፤ ለእነዚህ አልጌዎች ዙዛንቴላ የሚለውን ስም በ1881 ያወጣላቸው ጀርመናዊው የእንስሳት ተመራማሪ ካርል ብራንት ነው። አልጌዎቹ በብርሃን አስተጻምሮ፣ ማለትም የብርሃንን ኃይል ወደ ምግብነት በሚለውጠው ሂደት፣ ከሚያዘጋጁት ምግብ ከፍተኛውን ድርሻ ለአስተናጋጃቸው ስለሚያካፍሉ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ኮራል ብርሃን እንደ መኖ ነው ማለት ይቻላል።

የቀደሙት አሳዳጊዎች ይህን አያውቁም ነበር። በ1832 ፈረንሳዊቷ የተፈጥሮ ተመራማሪ ዣን ቪልፕሮ-ፓወር በሲሲሊ ደሴት በሜሲና ከተማ አርጎናውት የተባለውን የባሕር እንስሳ ለማጥናት የመስታወት ገንዳዎችን አሠርታ ነበር። በ1846 ደግሞ እንግሊዛዊቷ አና ቲን ከቶርኪ የባሕር ዳርቻ የተሰበሰቡ ኮራሎችን ወደ ለንደን ወስዳ፣ የባሕሩ ውሃ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየተገላበጠ አየር እንዲያገኝ በማድረግ ለዓመታት በሕይወት አቆየቻቸው። በ1853 በለንደን ሪጀንትስ ፓርክ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ የዓሣ ቤት ለሕዝብ ሲከፈትና በተከታዩ ዓመት የፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «ዘ አኳሪየም» የተሰኘ መጽሐፍ ሲታተም፣ ልማዱ ከተመራማሪዎች እጅ ወጥቶ ወደ ብዙ ቤቶች ሳሎን ገባ። ይሁን እንጂ የእንግሊዝ ዳርቻ ኮራሎች ዙዛንቴላ የሌላቸውና በክንዶቻቸው ከሚይዙት ምግብ ብቻ የሚኖሩ የቀዝቃዛ ባሕር ዝርያዎች ስለሆኑ፣ የእነርሱ በሕይወት መቆየት ንጹሕና አየር ያገኘ ውሃ ለኮራል ሁሉ ይበቃል ብሎ ለማሰብ የሚገፋፋ ግማሽ እውነት ነበር።

ሳይንሱም ቢሆን የብርሃንን ድርሻ የተቀበለው ቀስ በቀስ ነው። በ1928 እና 1929 በአውስትራሊያ ታላቁ ባሪየር ሪፍ፣ በሎው አይልስ ደሴቶች የተካሄደውን ጉዞ የመራው ሞሪስ ዮንግ፣ ኮራሎች በጨለማ ሲቀመጡ አልጌዎቻቸውን ቢያጡም ምግብ እስከተሰጣቸው ድረስ እንደሚኖሩ ከተመለከተ በኋላ፣ ኮራል በመሠረቱ ሥጋ በል እንስሳ እንደሆነና አልጌዎቹን እንደማይመገብ ደመደመ። ይህን አመለካከት የለወጡት ራዲዮአክቲቭ ምልክት ያላቸውን ንጥረ ነገሮች በመከተል የተሠሩ ምርምሮች ናቸው። በ1958 ሌናርድ ማስካቲንና ካዴት ሃንድ አልጌዎቹ የሠሩት ምግብ የኮራል ዘመድ ወደሆነው የባሕር አኔሞን ሰውነት እንደሚተላለፍ ሲያሳዩ፣ በጃማይካ ይሠራ የነበረው ቶማስ ጎሮ ደግሞ በዚያው ዘመን ኮራሎች አጽማቸውን በብርሃን ውስጥ ከጨለማ ይልቅ በፍጥነት እንደሚገነቡ አረጋገጠ።

በቤት ውስጥ አሳዳጊነት በኩል ወደዚሁ እውነት የቀረበው በጃካርታ ይኖር የነበረው ሊ ቺን ኤንግ ነው። እርሱ በ1961 ለአሳዳጊዎች ባሳወቀው «የተፈጥሮ ዘዴ» ገንዳውን ከባሕር በመጣ፣ በሕይወት ባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት የተሞላ ዐለት ሞልቶ፣ ውሃውን በአየር አረፋ እያንቀሳቀሰና የፀሐይ ብርሃን እንዲያገኝ እያደረገ ኮራሎችን ያኖር ነበር። ጃካርታ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 6 ዲግሪ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ አትጎድልባትም፤ በ52 ዲግሪ ሰሜን ላይ ለምትገኘው በርሊን ግን ይህ ጸጋ ስላልተሰጣት፣ በዚያ ያሉ አሳዳጊዎች ፀሐይን የሚተካ መብራት መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ከ1938 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው ፍሎረሰንት መብራት ዓሣን ለማየት ቢበቃም፣ በአንድ ወይም በሁለት ዘንግ ብቻ ሲሠራ በሞገድና በጠራራ ፀሐይ ሥር ለሚያድጉት ድንጋያማ ኮራሎች እጅግ ደካማ ነበር።

ለውጡን ያመጣው ሜታል ሃላይድ ነው። ይህ አምፖል በሜርኩሪ ትነትና በብረታ ብረት ጨዎች ውስጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ በማሳለፍ ብርቱ ብርሃን የሚሰጥ ሲሆን፣ መጀመሪያ የተሠራው ለሰፋፊ አዳራሾች፣ ለመንገዶችና ለስፖርት ሜዳዎች ነበር። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የአውሮፓ አሳዳጊዎች፣ ከእነርሱም መካከል በ1973 ስለ ባሕር አኳሪየም እንስሳት መጽሐፍ ያሳተመው ፔተር ቪልከንስና የበርሊኑ ዲትሪሽ ሽቱበር፣ ብርቱ መብራትን፣ ሕያው ዐለትንና ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣ ስኪመርን በማጣመር «የበርሊን ዘዴ» ተብሎ ለታወቀው ሥርዓት መሠረት ጣሉ። በ1986 ሆላንዳዊው ጆርጅ ስሚት በአሜሪካ መጽሔት ላይ ያወጣቸው ጽሑፎችም «ሚኒ ሪፍ» የተባለውን ልማድ በአሜሪካ ቤቶች አስፋፉት። ይሁንና 250 ወይም 400 ዋት የሚወስደው አምፖል ገንዳውን ስለሚያሞቅ ብዙዎች የውሃ ማቀዝቀዣ ለመግዛት ተገደዱ፤ አምፖሉም እያረጀ ሲሄድ ብርሃኑ ስለሚደክምና ቀለሙ ስለሚለወጥ በየጊዜው መተካት ነበረበት።

ይህ ዘመን ከብርታት ቀጥሎ የቀለምን ትምህርት አስተማረ። ውሃ ቀዩን ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ አብዛኛውን ሲውጠው፣ ሰማያዊው በጠራ ባሕር ውስጥ እጅግ ጠልቆ ይወርዳል፤ የዙዛንቴላም ሐመልሚልና ሌሎች ቀለማት ይህንኑ ሰማያዊ ብርሃን አጥብቀው ይይዛሉ። ስለሆነም አሳዳጊዎች የብርሃን ቀለም በሚለካበት በኬልቪን፣ ለቀን ብርሃን ከሚቀርበው 6,500 ተነሥተው ወደ ሰማያዊ ወደሚያዘነብሉት 10,000፣ 14,000 እና 20,000 ኬልቪን አምፖሎች ተሸጋገሩ።

ኤል ኢ ዲ፣ በሙሉ ስሙ ብርሃን አመንጪ ዳዮድ፣ በሴሚኮንዳክተር ውስጥ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ብርሃን የሚያፈልቅበት መሣሪያ ነው። ኒክ ሆሎንያክ በ1962 የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ቢሠራም፣ ኮራል ከሁሉ በላይ የሚሻው ሰማያዊ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ብርቱ ሆኖ ሊገኝ አልቻለም። ጃፓናውያኑ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ ጋሊየም ናይትራይድ በተባለው ቁስ ላይ በትዕግሥት ባካሄዱት ምርምር፣ ብርቱው ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ በ1993 ይፋ ሆነ፤ ሦስቱም በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተቀበሉ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ለሪፍ ገንዳ የተዘጋጁ የኤል ኢ ዲ መብራቶች በገበያ ላይ መታየት ጀመሩ።

አዲሱ መብራት ግን የቆየውን መለኪያ አፈረሰ። ቀደም ሲል አሳዳጊዎች የመብራትን ብቃት በዋት ይገምቱ የነበረ ሲሆን፣ ዋት የሚናገረው መብራቱ የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ ለኮራሉ የሚደርሰውን ብርሃን አይደለም። የሰው ዓይንም አያስተማምንም፤ ዓይን ለአረንጓዴ እጅግ ንቁ፣ ለሰማያዊ ግን ደካማ በመሆኑ፣ ደብዘዝ ያለ የሚመስል ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ ለኮራሉ ከመጠን ያለፈ ሊሆን ይችላል። ብርሃን ሲበዛ ኮራሉ አልጌዎቹን አስወጥቶ ይነጣል፣ ሳይድን ከቀረም ይሞታል። ከዚህም ሌላ በኮራሎች ሰውነት ያሉ ፕሮቲኖች ሰማያዊውን ተቀብለው አረንጓዴና ቀይ አድርገው ስለሚመልሱት፣ በሰማያዊ መብራት ሥር የሚታየው አስደናቂ ድምቀት የጤንነት ማረጋገጫ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ስለዚህ ትክክለኛው ምርጫ የሚጀምረው ለብርሃን አስተጻምሮ የሚያገለግለውን፣ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን በመለካት ነው፤ ልኬቱም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በሰከንድ የሚያርፉ የብርሃን ቅንጣቶች ብዛት ሆኖ በማይክሮሞል ይገለጻል። በቀትር የሞቃታማ ባሕር ገጽ ወደ 2,000 ገደማ የሚያገኝ ሲሆን፣ በአሳዳጊዎች ልምድ ለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 150፣ እንደ አክሮፖራ ያሉት ባለ ጥቃቅን ፖሊፕ ኮራሎች ከ200 እስከ 400 ይበቃቸዋል። ቀጥሎ የሚመረመረው ሰማያዊው ክፍል በቂ መሆኑና ብርሃኑ በገንዳው ላይ እኩል መሰራጨቱ ነው፤ ከጥቂት ነጥቦች የሚወጣ ብርሃን በቅርንጫፎች ሥር ጥቁር ጥላ ስለሚጥል፣ ሰፋ ያለ ወይም ብዛት ያለው መብራት ይመረጣል። አዲስ መብራት ሲተከልም ኃይሉን ዝቅ አድርጎ ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ትምህርት የጊዜ ነው። በ2017 የለንደኑ ሆርኒማን ሙዚየም ባልደረባ ጄሚ ክራግስና የሥራ አጋሮቹ የወቅቶችን ሙቀት፣ የቀኑን ርዝመትና የጨረቃን ዑደት በገንዳ ውስጥ በማስመሰል አክሮፖራዎች ከባሕር ርቀው እንቁላልና ዘር እንዲለቁ ማድረጋቸውን አሳተሙ፤ በ2019 ደግሞ የፍሎሪዳ አኳሪየም ለመጥፋት የተቃረበው የአትላንቲክ ዐምድ ኮራል ለመጀመሪያ ጊዜ በቤተ ሙከራ እንዲራባ አደረገ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 በሜርኩሪ የሚሠሩትን የተለመዱ የፍሎረሰንት ዘንጎች ከገበያ ማስወጣቱ ሲታከልበት፣ ንጋትን፣ ቀትርንና የጨረቃ ብርሃንን በአንድ መሣሪያ ማስመሰል የሚችለው ኤል ኢ ዲ የዚህ ሙያ ዋና መብራት ሆኗል። መሣሪያው ከቀደሙት ሁሉ የላቀ ቢሆንም የአሳዳጊውን ማስተዋል አይተካም፤ መብራት ለሳሎኑ ውበት ሳይሆን ለኮራሉ ምግብነት ሊመረጥ፣ ብቃቱም በዓይን ሳይሆን በመለኪያ ሊረጋገጥ ይገባል።