ለበረሃ ጓሮ አገር በቀል ዕፅዋት፦ የትኛውን፣ የት እና እንዴት መትከል ይቻላል?

በአበባው ወቅት ጎዳናውን ቀይ የሚያለብሰውን ዛፍ ብዙዎች በከተማዋ ስም «የድሬዳዋ ዛፍ» ይሉታል። የዛፉ መገኛ ግን ማዳጋስካር ነው። ከኢትዮጵያ ቆላማ ስፍራዎች እስከ ሶማሊያና ኬንያ በራሱ የሚበቅለው የቅርብ ዘመዱ፣ በሶማሊኛ ለቢ የሚባለው ዴሎኒክስ ኤላታ፣ ያን ያህል ስም አላገኘም። ነጭ አበባው ሲጠወልግ ወደ ብርቱካናማ ይለወጣል፤ ድርቅንም ይቋቋማል።

በአፋር፣ በሶማሌ ክልል፣ በጂቡቲ ወይም በሰሜን ኬንያ ግቢውን አረንጓዴ ለማድረግ የሚያስብ ሰው በቅድሚያ የሚገጥመው ጥያቄ ይኸው ነው፦ ከሩቅ የመጣውን ወይስ የአካባቢውን ተክል ይምረጥ?

ምርጫው ለምን ያሳስባል?

መልሱን ለማግኘት የፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። ይህ ከላቲን አሜሪካ የመጣ እሾሃማ ዛፍ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እአአ) በረሃማነትን ይከላከላል፣ ማገዶም ይሆናል ተብሎ በምሥራቅ አፍሪካ ተተከለ። ዛሬ በአፋር ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ወርሯል። አፋሮች «ደርጊ ሃራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ ይሉታል፤ በኬንያ ማቴንጌ ይባላል። በባሪንጎ ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩት የኢልቻሙስ ማኅበረሰብ አባላት በ2006 (እአአ) በዚሁ ዛፍ ምክንያት መንግሥትን ከሰሱ። ስኳር የበዛበት ፍሬው የፍየሎቻቸውን ጥርስ እንደሚያረግፍ ለማሳየት ጥርስ አልባ ፍየል ይዘው ፍርድ ቤት ቀርበው ነበር።

ከውጭ የመጣ ተክል ሁሉ ወራሪ አይደለም። ከደቡብ እስያ የመጣው ኒም፣ ለምሳሌ፣ ለብዙ ከተሞች ጥላ ሆኗል። ሆኖም አገር በቀሉ ዝናቡን፣ አፈሩንና ተባዩን አስቀድሞ ያውቃል፤ ንቡም፣ ወፉም፣ ፍየሉም ያውቁታል።

ከመትከል በፊት ቦታውን ማጥናት

ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዝናብ ነው፦ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብባት ድሬዳዋ የምታበቅለውን፣ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች የምታገኘው የጂቡቲ ከተማ ያለ ተጨማሪ ውኃ አታበቅልም። ሁለተኛው ጨው ነው። ደርቆ መሬቱ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተው አፈር፣ በመካከለኛው አዋሽ የመስኖ እርሻዎች እንደሚታየው፣ ጨዋማ ነው። ሦስተኛው ስፋት ነው፤ ችግኝ ትንሽ ቢሆንም ዛፉ ግን ያድጋል።

ለጥላ

ጃንጥላ የሚመስለው ግራር፣ አካሲያ ቶርቲሊስ፣ ሙቀቱንና ደረቁን አፈር ይችላል፤ ፍሬው የፍየል መኖ ነው። እሾሁ ረጅም በመሆኑ ሕፃናት ከሚጫወቱበት ሥፍራ፣ ሥሩም ሰፊ በመሆኑ ከቤትና ከውኃ ቱቦ ማራቅ ይገባል። ሰፊ ግቢና የተሻለ ውኃ ላለው ደግሞ ሮቃ የተመረጠ ነው፤ ጥላው ጥቅጥቅ ያለ፣ ፍሬውም ለመጠጥ የሚሆን ነው።

ለምግብ

ቁርቁራ፣ በሶማሊኛ ጎብ፣ ጣፋጭ ፍሬና ለንብ የሚሆን አበባ ይሰጣል። በደኖ፣ በሶማሊኛ ኩላን፣ በድርቅ ወቅትም ፍሬ አይነፍግም። በደቡብ ኢትዮጵያና በሰሜን ኬንያ የሚገኘው ሽፈራው፣ ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ፣ ቅጠሉ እንደ ጎመን ይበላል፤ ኮንሶዎች በእርከኖቻቸው ላይ ሲያለሙት ኖረዋል። ከሕንድ ከመጣው ሞሪንጋ ኦሌፌራ ጋር ስለሚመሳሰል ችግኝ ሲገዙ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልልና በሶማሊያ ብቻ በተፈጥሮ የሚገኘው ይዒብ ለውዝ መሰል ፍሬ አለው። በልቅ ግጦሽና በቆረጣ ምክንያት እየተመናመነ ስለሆነ በግቢ ውስጥ ማብቀል ዝርያውን መታደግም ነው። እድገቱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ለጨዋማ አፈርና ለአጥር

የመፋቂያው ዛፍ፣ ሳልቫዶራ ፐርሲካ፣ ጨውን በመቋቋም የታወቀ ነው፤ ዓመቱን ሙሉም አረንጓዴ ነው። ለአጥር ከከርቤ ወገን የሆኑት የኮሚፎራ ዝርያዎች ይመቻሉ፤ ቅርንጫፋቸው ተቆርጦ ሲተከል ሥር ስለሚሰድ አጥሩ ራሱ ይለመልማል። ቅንጭብም በዚሁ መንገድ ይተከላል፤ ወተት መሰል ፈሳሹ ግን ዓይን ከነካ ከባድ ጉዳት ያደርሳል።

ለውበት

የበረሃ ጽጌረዳ፣ አዴኒየም ኦቤሰም፣ ውኃ በሚያጠራቅም ወፍራም ግንዱ ላይ ሮዝ አበባ ያብባል። ከጥማት ይልቅ የሚገድለው የውኃ ብዛት ነው። ፈሳሹ በአንዳንድ የአፍሪካ አካባቢዎች ለቀስት መርዝነት ያገለግል ስለነበር ሕፃናትና እንስሳት ከማይደርሱበት ማኖር ይበጃል። እሬት ደግሞ ከድንጋይ መካከል ያለ ብዙ ጥረት ይበቅላል። ሁለቱንም ከዱር መንቀል ሳይሆን ከችግኝ ጣቢያ መግዛት ወይም ከጎረቤት ማባዛት ይመረጣል። ከአንድ ዝርያ በቀር የእሬት ዓይነቶች ዓለም አቀፍ ንግድ በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው።

አተካከልና ውኃ አሰጣጥ

ችግኝ ሲመርጡ ረጅሙ የተሻለ አይደለም። የበረሃ ዛፎች አስቀድመው ሥራቸውን ወደ ታች ስለሚሰዱ፣ በትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ የቆየ ችግኝ ሥሩ ተጠምዝዞ ሊገኝ ይችላል። የብዙ ግራሮች ዘር ጠንካራ ቅርፊት ስላለው ከእሳት በወረደ የፈላ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ሲያድር በቀላሉ ይበቅላል።

ተከላው ከዝናብ መግቢያ ጋር ሊገጥም ይገባል፦ በአፋር ከሐምሌ እስከ መስከረም ከሚዘልቀው ከርማ፣ በሶማሌ አካባቢዎች ደግሞ ከጉ ወይም ከደይር ጋር። በተዳፋት ቦታ ከችግኙ በታች በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተሠራ የአፈር ክትር ጎርፉን ያስቀራል። ችግኙ አጠገብ እስከ አንገቱ የተቀበረ፣ ውኃ የተሞላና የተከደነ የሸክላ ማሰሮ ደግሞ እርጥበቱን ቀስ በቀስ ለሥሩ ያደርሳል።

አገር በቀል ተክል ውኃ አይፈልግም ማለት ስህተት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት የበጋ ወቅቶች፣ ማለትም ሥሩ ጥልቅ እስኪሆን ድረስ፣ ክትትል ያሻዋል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት በየሳምንቱ ወይም በየአሥር ቀኑ በጥልቀት ማጠጣት ሥሩ ወደ ታች እንዲወርድ ያደርጋል። ፍየል እንዳይደርስበትም ይታጠር፤ ብዙ ችግኝ ከጥማት ቀድሞ የሚጠፋው በፍየል አፍ ነውና።