የጣና ደሴቶች መንገድና ሠሪዎቹ

የአንድ ሥፍራ ታሪክ በዚያ በታነፁ ሕንፃዎችና ተጠብቀው በቆዩ ቅርሶች ብቻ አይነገርም። ወደ ሥፍራው የሚያደርሰው መንገድና መንገዱን ያበጁት እጆችም የታሪኩ አካል ናቸው። ይህ ሐቅ በጣና ሐይቅ ደሴቶች ላይ ጎልቶ ይታያል።

ከአዲስ አበባ ወደ ጣና የሚጓዘው መንገደኛ ለብዙ ዓመታት ጉዞውን የጀመረው ገና ጎሕ ሲቀድ ከመርካቶው አውቶቡስ ተራ ነበር። አውቶቡሱ የእንጦጦን ዳገት ወጥቶ፣ ሱሉልታንና ፍቼን አቋርጦ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ የዓባይ ሸለቆ ከፊቱ ይገለጣል። ከዚያ እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና ወንዙን በድልድይ ተሻግሮ ወደ ደጀን ሽቅብ ይወጣል። ይህ ሸለቆ ሸዋንና ጎጃምን ለዘመናት ሲለያይ የኖረ፣ በክረምት ሙላት ነጋዴውንም ወታደሩንም በየዳሩ ሲያስቀር የነበረ ነው። የመኪና መንገዱ ገደሉን ሰንጥቆ ሲያልፍና ድልድዩ ሲዘረጋ የቀናት ፈተና የነበረው ጉዞ የሰዓታት ሆነ። አውቶቡሱ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬና በዳንግላ አልፎ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ዳር ይደርሳል። የየብሱ መንገድ እዚህ ያበቃል፤ የውኃው መንገድ ይጀምራል።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ስፋት ያለው ሐይቅ ነው። ደሴቶቹ በተለምዶ 37 ናቸው ይባላል። በትልቋ ደሴት በደቅ ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሳነፀችው ናርጋ ሥላሴ ይገኛል። ከደቅ አጠገብ ባለችው በዳጋ ደሴት በእስጢፋኖስ ገዳም የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም ከሌሎች ነገሥታት አፅም ጋር ተቀምጧል። ምድሩ በጦርነት ሲታመስ ቅርሶችና የብራና መጻሕፍት ወደ እነዚህ ደሴቶች ተሻግረው ተርፈዋል። ሐይቁ ለሀገሪቱ እንደ ቅጥር፣ ደሴቶቹም እንደ ግምጃ ቤት አገልግለዋል።

ይሁን እንጂ ቅርሱን ያተረፈው ውኃው ብቻ አይደለም። የሐይቁ ነባር መጓጓዣ የደንገል ታንኳ እንደመሆኑ መጠን የነገሥታቱ አፅምም ሆነ የብራናው መጻሕፍት በታንኳ እንደተሻገሩ መገመት አያዳግትም። ታንኳውን በመሥራት ከሁሉ ይልቅ የታወቁት በሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ደንገሉን ከረግረጉ አጭደው በፀሐይ ያደርቁታል፤ በነዶ በነዶ አስረው፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀልብሰው፣ ማገዶና እህል የሚጭን ዕቃ ያደርጉታል። ታንኳው ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከየጉዞው በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ስለዚህ የሐይቁ መንገድ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ ሳይሆን ዘወትር እንደገና የሚሠራ መንገድ ነበር።

ይህን ሁሉ ያበረከቱት ሰዎች ግን በኅብረተሰቡ ዘንድ የተናቁ ሆነው ኖሩ። ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ስለነበር ጎረቤቶቻቸው ማዕዳቸውን አይቀርቡም ነበር፤ በጋብቻም አይቀላቀሏቸውም ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሀገሪቱን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ወይጦዎች የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1907 የጀርመኑ ምሁር ኦይገን ሚትቮኽ ስለ እነርሱ ሲያጠና ግን የሚናገሩት አማርኛ ሆኖ ተገኘ። ከቀድሞው ቋንቋ የቀሩት በንግግራቸው ውስጥ የሚሰሙ ጥቂት እንግዳ ቃላት ብቻ ነበሩ። የብራና መጻሕፍት በታንኳ ተሻግረው ሲተርፉ የታንኳው ሠሪ ቋንቋ ሳይጻፍ ጠፋ።

የጣና ደንገል ስም ከሐይቁ ዳር አልፎ ሄዷል። ኖርዌያዊው ተጓዥ ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የተጓዘባት «ራ» የተባለች የደንገል ጀልባ የተሠራችው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነው። ሠሪዎቿ ደግሞ የቻድ ሐይቅ ጀልባ ሠሪዎች ነበሩ። ሁለት የአፍሪካ ሐይቆች፣ አንዱ በደንገሉ ሌላው በሠራተኞቹ ጥበብ፣ በውቅያኖስ ላይ ተገናኙ።

በሐይቁ ላይ የሞተር ጀልባ ሥራ ሲስፋፋ ከባሕር ዳር ተነሥታ ዘጌን፣ ደቅንና ቁንዝላን እየነካች ጎርጎራ የምትደርስ የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባ ለረጅም ዓመታት አገልግላለች። ገበሬው፣ ካህኑና ተማሪው በአንድ ወለል ላይ ከዶሮውና ከእህል ጆንያው ጋር ተቀምጠው በመንገድ አድረው ይጓዙ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ «ጣናነሽ ሁለት» የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና በየብስ ወደ ሐይቁ አመራች። ውኃው መንገዱን ይጠብቅ እንደነበረ ሁሉ ጀልባዋም በመንገድ ተጓጉዛ ወደ ውኃዋ መጣች።

በአንፃሩ የታንኳው ህልውና አደጋ ላይ ወድቋል። የሐይቁ ዳርቻ ወደ እርሻ በተለወጠ መጠን ደንገሉ ተመናምኗል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ መታየቱ የተረጋገጠው እምቦጭ አረምም ተጨማሪ ጠላት ሆኗል። ደንገሉ ሲጠፋ የሚጠፋው ተክል ብቻ አይደለም፤ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ የእጅ ዕውቀትም አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ መምህሩ የዳጋን የነገሥታት አፅም ሲያስተምር፣ ሠዓሊው የናርጋን የግድግዳ ሥዕል ሲያጠና፣ ነዶ አስሮ ያሻገረውንም ሰው ማሰብ ይገባዋል። ቅርሱ የተመዘገበውን ያህል የተሸከመው ታንኳ አሠራርም፣ ሠሪዎቹ በሕይወት ሳሉ ከራሳቸው አንደበት ሊመዘገብ ይገባል። ቋንቋቸው ሳይጻፍ ቀርቷል፤ ጥበባቸው ግን ገና አልረፈደበትም።