ስለ ባሌስትራ ታሪክ

በአገራችን ጋራዦች ባሌስትራ እየተባለ የሚጠራው የመኪና ዕቃ ስሙ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም በቀስት ፍላጻ የሚወረውር የጥንት የጦር መሣሪያ ማለት ነው። ስያሜው በከንቱ አልተሰጠም፤ የቀስት ኀይል ከመለመጡ እንደሚገኝ ሁሉ የዚህም ብረት ኀይል ከመለመጡ ይገኛልና። ይህን የዘነጋ ሠሪ መኪናውን ያጠነከረ እየመሰለው ያደክመዋል።

ወደ ታሪኩ እንለፍ፤ ዘመኑንም ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን። በ1804 ዓ.ም. ኦባዲያ ኤሊየት የተባለ እንግሊዛዊ ሠረገላ ሠሪ የሠረገላውን አካል በሞላላ ባሌስትራ ላይ በቀጥታ ለማስቀመጥ የፈጠራ መብት አገኘ። ባሌስትራም ከሠረገላ ወደ አውቶሞቢል ተላለፈ። በሐምሌ 1940 ዓ.ም. የአሜሪካ ጦር ሠራዊት አራቱም ጎማዎቹ የሚነዱ ቀላል መኪና እንዲሠራለት በጠየቀ ጊዜ መሐንዲሶቹ ይህንኑ መረጡ፤ ጂፕም በአራት ባሌስትራ ላይ ቆመ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ባሌስትራ ሸክሙን ይሸከማል፤ አክስሉን በስፍራው ይይዛል፤ ተነባብረው የታሰሩት ብረቶቹም እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ ነውጡን በከፊል ያበርዳሉ። የጂፕን ጠቃሚነት በእርሻው ላይ የተመለከተው እንግሊዛዊው ሞሪስ ዊልክስ ያሳሰበው ላንድሮቨርም በሚያዝያ 1948 ዓ.ም. አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ሲታይ በባሌስትራ የቆመ ነበር።

እንግዲህ በጎርጓዳ መንገድ የሚያልፍ መኪና ለመሥራት የሚሻ ሰው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የአንዱ ብረት ውፍረት እጥፍ ቢሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት ወፍራም ብረቶችን ከመደርደር ይልቅ ረዣዥምና ስስ የሆኑትን ማብዛት ይሻላል። ባሌስትራው ሲዘረጋ ርዝመቱ ስለሚጨምር፥ አንደኛው ጫፉ ከሻንሲው ጋራ በሚወዛወዝ ማያያዣ መገናኘት አለበት። ባሌስትራው ግትር ከሆነ አንደኛው ጎማ ጉድጓዱን ሳይነካ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ የሞተሩም ጕልበት በዚያው በከንቱ በሚሽከረከረው ጎማ ይባክናልና መኪናው ይቆማል።

በ1970 ዓ.ም. ሬንጅሮቨር፥ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ላንድሮቨር ወደ ጥምዝ ሞላ ተሻገሩ። ነገር ግን ላንድክሩዘር 70 ከኋላ በኩል ሸክሙን ዛሬም በባሌስትራ ይሸከማል።

እኛም ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ ጽናት ማለት አለመለመጥ ሳይሆን፥ ለምጦ ወደ ስፍራው መመለስ መሆኑን ነው።