ካቦን የተናገረ

ጥቅምት ገብቶ ቡናው ሲቀላ በጅማ ዞን ያሉት አጋሮና ሊሙ ገነት በለቃሚ ይሞላሉ። የዕለቱ ገቢ የሚቆረጠው ሚዛኑ አጠገብ ነው። ካቦው ከእሸቱ መካከል አረንጓዴ ፍሬ ካየ ኪሎ ሊቀንስ ይችላል፤ «ለምን?» ብሎ የተከራከረም በማግስቱ ስሙ ላይጠራ ይችላል።

አለቃን መድፈር በጅማ ታሪክ አለው። ከተማዋ የከፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ሳለች፣ በ1966 ዓ.ም. ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ እንዲነሡ አድርጓል። በዚያው ዓመት የካቲት 28 ቀን፣ በ1955 የተቋቋመው የሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ አስቁሟል።

በ1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ሰፋፊ እርሻዎችን ወደ መንግሥት አዞረ። አለቃው ተቀየረ፤ ሚዛኑ ግን እዚያው ቀረ።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም መክሰሱ ለስንብት በቂ ምክንያት እንዳልሆነ በግልጽ ይደነግጋል። ፍርድ ቤት ወደ ሥራ እንዲመለስ ሊወስን ይችላል፤ ካልተመለሰም ካሣ አለው።

ለለቃሚ ግን አንድ ክፍተት አለ። በጽሑፍ የተያዘ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ይሄዳል፤ የለቀማው ወቅት ራሱ ከዚያ ብዙም አይበልጥም። በሙከራ ላይ ያለን ሰው ደግሞ አሠሪው ብቁ አይደለም ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል።

ስለዚህ ለቃሚ ሆይ፣ ውልህን አንብበህ ፈርም፣ የሚዛን ወረቀትህንም አትጣል። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።