የክፍለ ጊዜው የመጀመሪያ አምስት ደቂቃ፦ የመክፈቻ ተግባርና የማስታወስ ልምምድ

በዕለት ትምህርት ዕቅድ ላይ «መግቢያ» የሚለው ሣጥን አብዛኛውን ጊዜ «ያለፈውን ትምህርት መከለስ» በሚል ሐረግ ይሞላል። ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን ክለሳው «ባለፈው ምን ተማርን?» ከሚል ጥያቄ እምብዛም አያልፍም። ፊት ረድፍ ላይ ያሉ ሁለት ሦስት ተማሪዎች እጃቸውን አውጥተው ይመልሳሉ፤ መምህሩም «ጎበዝ!» ብሎ ወደ አዲሱ ርእስ ያልፋል። የተቀሩት ያስታውሱ አያስታውሱ የሚታወቅበት መንገድ የለም። ይህ መጣጥፍ የመክፈቻ ተግባር ዋጋ የሚኖረው እያንዳንዱ ተማሪ ደብተሩን ሳይገልጥ የተማረውን ከአእምሮው አውጥቶ እንዲጽፍ ሲያደርግ ነው ብሎ ይከራከራል።

የጥናት መሠረት

ዴቪድ ኦዝቤል እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው የትምህርት ሥነ ልቦና መጽሐፍ፣ መማርን ከምንም በላይ የሚወስነው ተማሪው አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር መሆኑን አስረግጧል። ይህ ዕውቀት ግን ካልተጠራ ይደበዝዛል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አጫጭር ምንባቦችን ወይ ደግመው አነበቡ፣ ወይ ካነበቡ በኋላ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ጽፈው የነበሩት 56 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ደግመው ያነበቡት ያስታወሱት 42 በመቶ ያህሉን ነበር። ባራክ ሮዘንሻይንም እ.ኤ.አ. በ2012 የማስተማር መርሆችን ሲዘረዝር በመጀመሪያ ያስቀመጠው ትምህርትን በአጭር ክለሳ መጀመርን ነው።

በአንድ የሒሳብ ክፍል

የዕለቱ ርእስ ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር ነው እንበል። መምህሯ ተማሪዎች ከመግባታቸው በፊት ሦስት ጥያቄዎች ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች። የመጀመሪያው ካለፈው ክፍለ ጊዜ የተወሰደ ነው፦ 1/5 + 2/5። ሁለተኛው ለዛሬው ትምህርት መንገድ ይጠርጋል፦ የ4 እና የ6 ትንሹ የጋራ ብዜት ስንት ነው? ሦስተኛው ባለፈው ወር ከተማሩት ይመጣል። ተማሪዎች በዝምታ ሲሠሩ እሷ በዴስኮቹ መካከል ትዘዋወራለች። አንዳንዱ ተማሪ ለመጀመሪያው ጥያቄ 3/10 ብሎ ጽፏል፤ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሯል ማለት ነው። ይህን ስሕተት ሳታርም ወደ አዲሱ ርእስ ብትገባ ትምህርቱ በተጣመመ መሠረት ላይ ይቆም ነበር። ስለዚህ መልሱን ሰሌዳው ላይ ሠርታ ታሳያለች፤ ተማሪዎች የራሳቸውን ያርማሉ። ማርክ አይያዝም፤ ውጤት አለመመዝገቡ ትምህርቱ ያልገባውን ተማሪ ከጎረቤቱ ሳይገለብጥ ያለውን እንዲጽፍ ያደፋፍረዋል።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ጊዜን ይመለከታል። ከ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አምስቱ አንድ ስምንተኛ ነውና፣ መጽሐፉን መጨረስ ለሚጠበቅበት መምህር ቀላል አይደለም። ይሁንና የተረሳ ምዕራፍ ፈተና ሲቃረብ እንደገና መማሩ አይቀርም፤ ያኔ የሚጠፋው ጊዜ ይበልጣል። ሁለተኛው፣ የመክፈቻ ተግባር ተማሪውን የሚያዝናና መሆን አለበት የሚል ነው። በታችኛዎቹ ክፍሎች መዝሙርና ጭብጨባ ልጆችን ለመሰብሰብ በእርግጥ ይረዳሉ፤ በቋንቋ ክፍልም የጥንድ ጭውውት አንደበት ያፍታታል። ይሁን እንጂ ጭውውቱ ባለፈው የተማሩትን ቃላት የማያስጠራ ከሆነ፣ ደስታው ካለፈ በኋላ ለቀጣዩ ትምህርት የሚተርፍ ነገር አይኖረውም።

ማጠቃለያ

የሚያስፈልገው አዲስ መሣሪያ ወይም በጀት አይደለም፤ ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃሉ። በዕቅዱ «መግቢያ» ሣጥን ውስጥ «መከለስ» በሚለው ቃል ፈንታ ሦስቱ ጥያቄዎች ራሳቸው ይጻፉ። የትምህርት ክፍል ተጠሪዎችና ሱፐርቫይዘሮች ክፍል ሲጎበኙም ስንት ተማሪ እጁን እንዳወጣ ከመቁጠር ይልቅ፣ በኋላ ረድፍ የተቀመጠው ተማሪ ምን እንደጻፈ ይመልከቱ። የመክፈቻው ተግባር መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው እዚያ ነው።