ጠበቃ ያልሆነ የኢሚግሬሽን አማካሪ መዝገብ እንዴት ይያዝ?

በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ጠበቃ ያልሆነ የኢሚግሬሽን አማካሪ በክፍያ ቅጽ መሙላት፣ መልስ መተርጎምና ማስረጃ ማሰባሰብ ይችላል። ደንበኛው ምን ብሎ እንደሚመልስ መምከር ግን አይፈቀድለትም። የ100,000 ዶላር ዋስትናም ማስያዝ አለበት።

ውል፦ በጽሑፍ፣ በእንግሊዝኛና በደንበኛው ቋንቋ ይዘጋጃል። ደንበኛው በ72 ሰዓት ውስጥ ሊሰርዘው ይችላል።

ገንዘብ፦ ለእያንዳንዱ ክፍያ የተፈረመ ደረሰኝ፣ በየሁለት ወሩ ደግሞ የሒሳብ መግለጫ ይሰጣል።

ሰነድ፦ ደንበኛው የተሞላለትን ቅጽ ሁሉ ቅጂ ይወስዳል። አማካሪው ቅጂዎቹን ከመጨረሻው አገልግሎት ጀምሮ ቢያንስ 3 ዓመት ያቆያል። የደንበኛውን ዋና ሰነድ ይዞ ማስቀረት አይችልም።

በእኔ እምነት 3 ዓመት አይበቃም። ግሪን ካርድ ያገኘ ሰው ዜግነት የሚጠይቀው በአብዛኛው ከ5 ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ መርማሪው የቀድሞውን ቅጽ ከአዲሱ ጋር ያስተያያል።

ለሐበሻ ደንበኛ ደግሞ ሁለት ነገሮች ለብቻቸው ይመዝገቡ። አንደኛው የልደት ቀን ነው። መስከረም 1 ቀን 1990 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1997 ነው፤ ከጃንዋሪ ጀምሮ ግን ልዩነቱ 8 ዓመት ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱም ቀኖች ጎን ለጎን ይጻፉ። ሁለተኛው ስም ነው። የአባት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ስለሚገባ፣ በመጀመሪያው ቅጽ የተጻፈበት ፊደል በፋይሉ ሽፋን ላይ ይስፈር።

አንድ ዓመት የተሳሳተ ልደት ለጸሐፊው የብዕር ወለምታ ነው፤ ለአመልካቹ ግን ሐሰተኛ ቃል ተብሎ ሊቆጠርበት ይችላል። በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ፣ ስህተትም ይወረሳል። ደንበኛም ሙሉ ቅጂውን ሳይቀበል ከቢሮ አይውጣ።